ከኮሞ እሳት በኋላ

ሱቅ ገብቶ «ሁለት ድንጋይ ስጠኝ» ያለ ሰው ባለሱቁን ግራ አያጋባም። «ትልቁን ነው ትንሹን?» ይባል ይሆናል እንጂ ድንጋይ ምን ያደርግልሃል የሚለው የለም። ራዲዮውም፣ የእጅ ባትሪውም፣ የግድግዳ ሰዓቱም የሚኖረው በዚሁ ድንጋይ ነው። የመጀመሪያው ባትሪ ግን ድንጋይ አይመስልም ነበር፤ የሚመስለው የእንጀራ ድርብርብ ነው። አሌሳንድሮ ቮልታ የተባለ የሰሜን ጣሊያን ሰው ሳንቲም የሚያህሉ የብርና የዚንክ ዝርግ ክቦችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ደረበ። በየጥንዱ መካከል በጨው ውሃ የራሰ ካርቶን አስገባ፤ ቁልሉ እንዳይወድቅም ዙሪያውን በቀጫጭን ዘንጎች ደገፈው። ላይኛውንና ታችኛውን ጫፍ በሽቦ ሲያገናኝ ኤሌክትሪክ ሳያቋርጥ ይፈስ ጀመር። እስከዚያ ድረስ ሰው በእጁ ያመነጨው ኤሌክትሪክ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ፣ በመስታወት ዕቃ ተጠራቅሞ ባንዴ የሚራገፍ ነበር።

ቮልታ ይህን ሥራውን ማርች 20 ቀን 1800 በጻፈው ደብዳቤ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ለጆዜፍ ባንክስ አሳወቀ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደብዳቤው ገና ታትሞ ሳይወጣ ኒኮልሰንና ካርላይል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የራሳቸውን ቁልል ሠርተው ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ከፈሉት። በ1801 ቮልታ ፓሪስ ሄዶ ሙከራውን ናፖሊዮን ፊት አሳየ። በ1881 ደግሞ እዚያው ፓሪስ የተሰበሰበ ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ «ቮልት» የሚለውን መለኪያ በስሙ አጸደቀ። በየኤሌክትሪክ ምጣዳችን ላይ ተጽፎ የምናገኘው 220 ቮልት የዚህ ሰው ስም ነው።

ሰውዬውን እዚህ ላይ እንተወውና ዕቃዎቹን እንከተል።

ቮልታ ዕቃው ብዙ ነበር። ከቁልሉ ሌላ ኤሌክትሮፎረስ አለ፤ የሙጫ ዝርግና ባለ እጀታ የብረት ክዳን ሲሆን፣ ሙጫው አንዴ በቆዳ ጸጉር ከታሸ ክዳኑ ደጋግሞ ብልጭታ ይሰጣል። በ1776 ከማጆሬ ሐይቅ ዳርቻ ጭቃ እየቆሰቆሰ የሚፍለቀለቀውን ጋዝ ሰብስቦ ዛሬ ሚቴን የምንለውን አገኘ፤ ይህን ዓይነቱን ተቀጣጣይ አየር በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚያፈነዳ ሽጉጥም ሠራ። ጋራዥ ውስጥ ካንዴላ የሚቀይር መካኒክ የዚያን ሽጉጥ የልጅ ልጅ ይዟል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ካንዴላ የሚለውም ቃል ራሱ ከጣሊያን የመጣ ነው። በሁለት የስንዴ አገዳ ክሮች መራራቅ ኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ ነበረው። ደካማ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ እንዲታይ የሚያደርግ ሌላ መሣሪያም ሠርቶ «ኮንደንሰር» ብሎ ስም ያወጣለት እርሱ ነው። ራዲዮ ጠጋኞቻችን እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠሩታል።

ቮልታ በ1827 ሞተ። ከቤተሰቡ እጅ የቆዩት ብዙዎቹ ዕቃዎችና የእጅ ጽሑፎች በኋላ ሚላን ወደሚገኘው የሎምባርድ የሳይንስና የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ ገቡ። አንድ ሰብሳቢ ሊመኘው ከሚችለው ሁሉ በላይ ነው ይህ፦ የአንድ ታላቅ ሰው የእጅ ሥራ፣ ባለቤትነቱ የማያጠራጥር፣ ባንድ ላይ የተቀመጠ።

በ1899 የቁልሉ መቶኛ ዓመት ሲደርስ የቮልታ የትውልድ ከተማ ኮሞ ትልቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጀች። ኮሞ የሐር ከተማ ናትና ኤግዚቢሽኑ የኤሌክትሪክና የሐር ሆነ። ለበዓሉ ሲባል በሐይቁ ዳር ጊዜያዊ አዳራሾች ተሠሩ፤ ከሩቅ ቤተ መንግሥት የሚመስሉ፣ ውስጣቸው ግን እንጨት። የዘመኑ አዳዲስ የኤሌክትሪክ ማሽኖችና የሐር ጨርቆች ሲገቡ የቮልታም ዕቃዎች ተሰባስበው እንደ ቅዱስ ንዋይ መካከል ተቀመጡ። ኤግዚቢሽኑ በሜይ ተከፈተ። ጁላይ 8 ቀን እሳት ተነሣ። እንጨት፣ ቀለም፣ ሐር፣ ሽቦ፦ እሳት ከዚህ የተሻለ ምግብ የለውም። አዳራሹ ወደመ፤ የቮልታ መሣሪያዎችም አብዛኞቹ አብረው ነደዱ። ምክንያቱ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እኛ በተለምዶ «ኮንታክት» የምንለው፣ የሽቦ መነካካት ነው። የኤሌክትሪክን አባት ዕቃዎች የበላቸው ኤሌክትሪክ ነው ማለት ነው።

ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች እዚህ ላይ ይቆማሉ። ምጸቱ ስለሚጥም ሰሚው ራሱን ይነቀንቅና ወሬው ያልቃል። ለእኔ ግን ምጸቱ ከነገሩ ሁሉ ትንሹ ነው፤ አዳራሹ በሻማ ወይም በሲጋራ ቢቃጠልም ጥፋቱ ያው ነበር። ይልቅ የሚያሳስበኝ ዕቃዎቹ እዚያ የደረሱት በቸልታ ሳይሆን በፍቅር መሆኑ ነው። የሰበሰቧቸው ሰዎች ቮልታን የሚያከብሩ ነበሩ። ለበዓሉ ክብር «ሁሉም ይምጣ፣ አንድም አይቅር» ሲሉ ዕቃዎቹ ለአንድ በጋ በተሠራ የእንጨት ቤት ውስጥ፣ አዲስ ሽቦ ሥር ተገናኙ። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። ሙሉ ማድረግ፣ ባንድ መደርደሪያ አሰልፎ ማየት፣ እንግዳ ሲመጣ መብራት አብርቶ ማሳየት፤ ሰብሳቢን እንቅልፍ የሚነሣው ይኸው ነው።

ባንድ ቦታ መሰብሰብ በራሱ ጥፋት ነው እንዳልል ደግሞ የኔዘርላንዷ ሃርለም ከተማ ታስተባብለኛለች። እዚያ በ1784 የተከፈተው የቴይለርስ ሙዚየም የሳይንስ ሊቁን የማርቲኑስ ፋን ማሩምን ግዙፍ የኤሌክትሪክ ማመንጫ እስከ ዛሬ ይዟል። ሁለቱ የመስታወት ክቦቹ እያንዳንዳቸው 1.65 ሜትር ስፋት አላቸው፤ ሲሽከረከሩ ከግማሽ ሜትር በላይ የሚዘል ብልጭታ ያወጡ ነበር። ከመስታወት የተሠራ ይህን የሚያህል ነገር ሁለት መቶ ዓመት አልፎት ሳይሰበር የቆየው በቋሚ ቤት ስለኖረ፣ ለድግስም ስላላዞሩት ነው። ኮሞ ላይ የተቃጠለው ዕቃ ግን እንግድነት ሄዶ ነበር።

የፓቪያም ነገር እንዲሁ ነው። ቮልታ ከ1778 ጀምሮ በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ነበረ። ለማስተማሪያ የሚሆኑ መሣሪያዎችን ከአውሮፓ ከተሞች እየዞረ ገዝቷል፣ እዚያው አሠርቷል። ከፓቪያ ሳይወጡ የቀሩት ዛሬም በዩኒቨርሲቲው የታሪክ ሙዚየም ይታያሉ። የተረፉት አንድ ጠቢብ እሳቱን አስቀድሞ ስላየ አይደለም፤ እዚያው በመቅረታቸው ብቻ ነው።

የአሜሪካው ሃርቫርድ ኮሌጅ ደግሞ የተገላቢጦሹን ያሳየናል። በጃንዋሪ 1764 አንድ የክረምት ሌሊት የኮሌጁ ዋና ሕንፃ ተቃጠለ። ቤተ መጻሕፍቱም የፊዚክስ መሣሪያዎቹም ጠፉ። ከቤተ መጻሕፍቱ የተረፉት በዋናነት በውሰት ወጥተው በየሰው ቤት የነበሩት መጻሕፍት ናቸው። ከዚያ በኋላ ኮሌጁ አዳዲስ መሣሪያዎችን ከለንደን ሲገዛ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በግዢው ረድቷል፤ የገዟቸው ብዙዎቹ አሁንም አሉ። እንግዲህ አንዱ በመቅረቱ ተረፈ፣ ሌላው በመውጣቱ። «ዕቃህን አታንቀሳቅስ» ወይም «ዕቃህን በትን» የሚል ቀላል ሕግ ለሚፈልግ ሰው ይህ አይመችም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር ቢኖር ያለው ሁሉ ባንድ ጣሪያ ሥር አለመሆኑ ነው።

ወደ ኮሞ እንመለስ፤ ከእሳቱ በኋላ የሆነው ከእሳቱ ይበልጥ ያስተምራልና። አዳራሹ በዚያው ዓመት እንደገና ተሠርቶ ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። የኮሞ ሰዎች ቅስማቸው የሚሰበር አልነበሩም። ከዓመታት በኋላ የቮልታ ሞት መቶኛ ዓመት ሲቃረብ ፍራንቼስኮ ሶማይኒ የተባለ የጥጥ ፋብሪካ ባለቤት ከኪሱ ከፍሎ፣ አርክቴክቱ ፌዴሪኮ ፍሪጄሪዮ ነድፎት፣ በሐይቁ ዳር ጉልላት ያለው ነጭ ሕንፃ ተሠራ። ቴምፒዮ ቮልቲያኖ፣ የቮልታ ቤተ መቅደስ ይባላል። በ1928 ተመረቀ። በ1980ዎቹ የወጣው የጣሊያን የ10,000 ሊሬ የወረቀት ገንዘብ አንደኛው ገጽ ላይ ቮልታ፣ በጀርባው ደግሞ ይኸው ሕንፃ ነበር። ከውስጥ ያሉት የመስታወት ሣጥኖች ሁለት ዓይነት ነገር ይዘዋል፦ ከእሳቱ የተረፈ ዕቃና ልክ እንደ ጥንቱ ተደርጎ እንደገና የተሠራ ቅጂ።

ቅጂዎቹ ከየት መጡ? መግለጫ ስለነበረ፣ ሥዕል ስለነበረ፣ ቮልታ ራሱ መሣሪያዎቹን እስከ ዝርዝራቸው እየጻፈ ለወዳጆቹ ይልክ ስለነበረ። ብረቱ ቢቀልጥም ስለ ብረቱ የተጻፈው ተርፏል። የቮልታ ሥራዎች ብሔራዊ እትም ከ1918 ጀምሮ በየቅጹ መታተም የቻለውም ጽሑፎቹ ስለቆዩ ነው። በስብስብ ዓለም እንደ ተራ ሥራ የሚቆጠረው የመዝገብ ጉዳይ፣ ማለትም መለካት፣ መሣል፣ መጻፍ፣ ከእሳቱ ያመለጠው ብቸኛው ሰብሳቢ ሆነ።

ቅጂው ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፣ እርሱም ትልቅ ነው። ቅጂ የሚነግረን ቅጂውን የሠራው ሰው አስቀድሞ ያወቀውን ብቻ ነው። ሥዕሉን የሣለው ሰው ያላስተዋለው ጭረት ቅጂው ላይ የለም። እጀታው በየትኛው ጎን በእጅ ብዛት እንደተበላ፣ የትኛው ክብ ተሰብሮ በሌላ እንደተተካ፣ ካርቶኑ ሲደርቅ ጨው ብረቱ ላይ ምን እንደጻፈ ቅጂው አያውቅም። ዛሬ አንድን አሮጌ ብረት ሳይነኩ በኤክስሬይ መርምሮ ከምን ከምን እንደተቀላቀለ ማወቅ ይቻላል። በ1899 ግን ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ስለዚህም ማንም አልመዘገበው። ዋናው ዕቃ ገና ላልተጠየቀ ጥያቄ መልስ ይዞ ይቀመጣል። ከጠፋ በኋላ የሚቀረው የተጠየቀው ብቻ ነው።

ይህን የተረዳ ሰብሳቢ ሁለት ልማዶችን ይተዋል።

አንደኛው ማንጸባረቅ ነው። የድሮ የናስ መሣሪያ ሲሠራ ላዩ ስስ ቫርኒሽ ይቀባ ነበር፤ የወርቅ መልክ የሚሰጠውም እንዳይጠቁር የሚጠብቀውም እርሱ ነው። ጋልቫኖሜትር የሚባለውን አሮጌ የኤሌክትሪክ መለኪያ በጨረታ ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው የብረት መወልወያና ጨርቅ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መቶ ሃምሳ ዓመት የቆየውን ቫርኒሽ ገፎ፣ በእጅ የተጻፉትን ቁጥሮች አደብዝዞ፣ እንደ አዲስ የሚያበራ ናስ ያገኛል። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ይህ ነው። ኢቦናይት የሚባለው ጠንካራ ጥቁር ጎማም ብርሃን ሲመታው ወደ ቡናማና አረንጓዴ ይለወጣል፤ የጫማ ቀለም የሚቀቡት አሉ! ቡናማነቱ ግን ዕቃው የትኛው ጎኑ ወደ መስኮት ዞሮ ለስንት ዘመን እንደቆመ የሚናገር ነበር። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፎ ሌላውን መተው ይሻላል። መሥራት ያቆመ ነገር ቢተካ እንኳ የወጣው ቁራጭ በፖስታ ታሽጎ ከዕቃው ጋር ይቀመጥ።

ሁለተኛው ሶኬት ላይ መሰካት ነው። የገዛነውን ራዲዮ ወዲያው ማናገር እንወዳለን። የድሮ ሽቦ ግን ልብሱ ጥጥ፣ ሐር ወይም ጎማ ነው። ጎማው ደርቆ ይፈረካከሳል፤ ጥጡ አቧራና እርጥበት ጠጥቷል። በወረቀት የተሠሩት አሮጌ ኮንደንሰሮች ከዘመን ብዛት ያሳልፋሉ፣ ይግላሉ፣ አንዳንዴም ይፈነዳሉ። ኮሞ ላይ ተነካኩ የሚባሉት ሽቦዎች አዲስ ነበሩ፤ የሰባ ዓመት ሽቦ እንዴት ይታመናል? ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ከመሰካት በፊት የሚያውቅ ጠጋኝ ይየው። ሜርኩሪ ያለበት ባሮሜትር፣ በጨለማ የሚያበራ የሬዲየም ቀለም ያለበት ሰዓት፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚቆይ የላይደን ማሰሮም የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ ሳያውቁ አለመክፈትና አለመንካት ይበቃል።

አሮጌ መሣሪያ ሙዚየም የሚገባው ሰው ሲያድነው ነው፤ ሰው የሚያድነው ደግሞ ብዙ ጊዜ በማይመች ዕድሜው ነው። አዲስ ሳለ ይሠራልና ይጠበቃል። መቶ ዓመት ሲሞላው ቅርስ ነው ተብሎ ይከበራል። የሚጠፋው በመካከል ነው፤ አገልግሎቱ ያለፈበት፣ ቅርስ ለመባል ግን ገና ያልደረሰ፣ ቦታ ብቻ የሚይዝ ሲሆን። ሃርቫርድን ከ1764 ጋር ብቻ እንዳናስታውሳት፣ ዴቪድ ዊትላንድ የሚባል በፊዚክስ ክፍሉ የሚሠራ ሰው ነበረ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በየምድር ቤቱና በየቁም ሣጥኑ የተረሱ፣ ሊጣሉ የተዘጋጁ መሣሪያዎችን እያነሣ ቢሮው ውስጥ ያከማች ጀመር። ለባልደረቦቹ ያ ቆሻሻ ማጠራቀም ሳይመስላቸው አይቀርም። ዛሬ ያ ክምችት ወደ 20,000 የሚጠጉ ዕቃዎች ያሉት የሃርቫርድ ታሪካዊ የሳይንስ መሣሪያዎች ስብስብ መነሻ ነው። 

እኛ አገር ያ መካከለኛ ዕድሜ የሚያልቀው በር ላይ ነው፤ «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ ሲሰማ። ባለ ቱቦው ራዲዮ፣ በእጅ የሚዞር ስልክ፣ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ፣ የአያት ግራሞፎን በሚዛን ተመዝኖ ወይም በፕላስቲክ ሳፋ ተለውጦ ይሄዳል። ቁራሌውን አልወቅስም፤ እንዲያውም ከቤተሰቡ ይልቅ የዕቃውን ዋጋ የሚያውቀው እርሱ ነው። ለዕቃው ተቆርቋሪ የሆነው ሰውም ቢሆን አንዳንዴ የኮሞን ስህተት ይደግማል፦ ሁሉን ሰብስቦ፣ ወልውሎ፣ ሰክቶ፣ የማን እንደነበረ ግን አንድ መስመር ሳይጽፍ። እርሱ ሲያልፍ ልጆቹ የሚያገኙት ስም የሌለው ብረት ነው፤ ስም የሌለው ብረት ደግሞ በኪሎ ይሸጣል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ እቤትዎ ቁም ሣጥን ላይ አንድ የማይሠራ ራዲዮ ወይም ስልክ ካለ፣ አይወልውሉት፣ አይሰኩት። ማን ገዛው፣ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ምን ዜና ተሰማበት፣ መቼ ዝም አለ፤ የሚያውቁ ሽማግሌ በሕይወት ሳሉ ጠይቀው በወረቀት ይጻፉ፣ ወረቀቱንም ከጀርባው ይሰሩት። ከፊት፣ ከጀርባና ከውስጥ ፎቶ ያንሡት። ከዚያ ፎቶውንና የጻፉትን ዛሬውኑ በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ለሚኖር ዘመድ በስልክ ይላኩለት።